የማሽላው ሥር

በአምባሰል ቆላ አንድ ገበሬ ነበረ። ልጁ ከእርፍ ይገላገል ብሎ፣ ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይቶለት፣ ስንቅ እየላከ አስተማረው። ልጁ ፈተናውን አለፈ፤ ምደባው ሲወጣ ግን የደረሰው የሰብል ሳይንስ ሆነ።

አባትየው ሲሰማ «እርሻማ እዚሁ አስተምርህ አልነበር? ለዚህ ነው በሬ የሸጥኩት?» አለ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ለእረፍት ሲመለስ ማሽላው ጉልበት ደርሷል። ዝናቡ አልጎደለም፤ ቅጠሉ ግን ውኃ እንደጠማው ተጠቅልሏል። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» ይላል። አባት ሽልሻሎው ስለዘገየ ነው ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

ልጁ ዶማ አነሣና አንዱን አገዳ ከነአፈሩ ፈነቀለው። ሥሩን በጣሳ ውኃ ቀስ አድርጎ አጠበ። ጭቃው ሲለቅ፣ ነጣ ያለ ቀጭን ቡቃያ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ታየ።

«አቀንጭራ ነው አባቴ። ገና ከመሬት ሳይወጣ ነው ማሽላውን የሚመጥጠው። ሐምራዊ አበባውን ስናይ ጉዳቱን አድርሶ ጨርሷል።»

አባት ሥሩን ተቀብሎ አገላበጠው። «አቀንጭራንስ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ከታች የሚሠራውን ግን አላየሁም ነበር» አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ታዲያ ከበረቱ አጠገብ ያለው ማሽላ ምነው ደህና ሆነ?» ሲል ጠየቀ።

ልጁ ዝም አለ። ፍግ የጠገበ መሬት ለአቀንጭራ እንደማይመች ተምሯል፤ ለፈተና ሸምድዶት ነበር። የገባው ግን አሁን ነው። አባትና ልጅ የወጣውን አቀንጭራ አበባው ዘር ሳይቋጥር ነቀሉ፤ ከበረቱ ፍግ እያጋዙ ሩቁ ማሳ ላይ በተኑ፤ በዓመቱም በማሽላው ቦታ ማሾ ዘሩ።

የገበሬ ልጅ ግብርና ሲመደብ «ዞሮ ዞሮ ወደ እርሻው» ይባላል። አባባሉ ልጁ ይዞት የሚሄደውን ሀብት አያይም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከወለንኮሚ ተነሥተው በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ አልፈው ነው አሜሪካ ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ የደረሱት። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ነው። አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ፣ የማሽላ ሥር የሚለቀው ንጥረ ቅመም ሲደርሰው ይነቃል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያንን ቅመም እምብዛም የማይለቅ ማሽላ ፈልገው አዳቀሉ። ጎብዬና አብሺር የተባሉት ዝርያዎች በዚህ መንገድ ለአገራችን ገበሬ ደረሱ።

በምሳሌው ውስጥ አባት ጥያቄው ነበረው፤ ሥሩን ግን አላየም። ልጁ መልሱ ነበረው፤ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ ግን አላወቀም። ግብርና ሊማር የሚሄድ ወጣት እንግዲህ ዲፕሎማውን እስኪይዝ አይጠብቅ። ከስንቁ ጋር ከአባቱ ማሳ ያልተፈታ ጥያቄ ይዞ ይግባ፤ የሚማረውንም ሁሉ በእርሱ ይፈትነው። ሥራውን ከዚያ ቀን ጀምሯል።