ዳር የማይታየው ውኃ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1968፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ከሁለት ደቂቃ በኋላ፣ «ዳካር» የተባለችው የእስራኤል ሰርጓጅ መርከብ የመጨረሻውን የሬዲዮ መልእክቷን ላከች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራች ናት። እስራኤል ገዝታት፣ ከፖርትስማውዝ ተነሥታ በጅብራልታር አድርጋ ወደ ሃይፋ በመጓዝ ላይ ነበረች። 69 ሰዎች ተሳፍረውባታል። ከዚያች ሌሊት ወዲያ ድምፅዋን የሰማ የለም። የበርካታ አገሮች መርከቦችና አውሮፕላኖች ባሕሩን ቢያስሱም አንድ አስከሬን እንኳ አላገኙም።

የባሕር ኃይሉ ጥያቄ መርከቧ የት ሰጠመች የሚል ነበር። የባሕረኞቹ ሚስቶች ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል፦ ባሎቻቸው ሞተዋል ማለት ይቻላል?

በአይሁድ ሕግ የባሏ ሞት ያልተረጋገጠ ሴት አጉና ትባላለች፤ ሌላ ባል ማግባት አትችልም። የጥንት ረቢዎች ውኃን ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው፣ ዳር ቆሞ ላየው አራቱም ወገኑ የሚታይ ውኃ ነው፤ እዚያ የወደቀ ሰው ተጠብቆ ካልወጣ ሞቷል፣ ሚስቱም ነፃ ናት። ሁለተኛው ዳሩ የማይታይ ውኃ ነው። እዚያ የወደቀ ማንም ባላየው በኩል ወጥቶ ሊሆን ይችላልና ሞቷል ተብሎ አይፈረድም።

ሕጉን የሚያብራራው ታልሙድ አንድ ታሪክ ያስታውሳል። ከእነዚሁ ረቢዎች አንዱ የሆኑት ረባን ገማልኤል በመርከብ ሲጓዙ ሌላ መርከብ ሲሰበር ከሩቅ አዩ። በውስጡ ታላቁ ሊቅ ረቢ አቂባ ነበሩበትና አምርረው አዘኑ። ከመርከብ ሲወርዱ ግን አቂባ መጥተው ፊታቸው ተቀመጡ፤ ስለ ሕግም መከራከር ጀመሩ። ለካ የመርከቡን ሳንቃ ይዘው፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር አንገታቸውን ደፋ እያደረጉ ነው የተረፉት። ገማልኤል መርከቡ ሲሰበር በዓይናቸው አይተዋል፤ ያም ሆኖ ያለቀሱት ለሕያው ሰው ነበር።

ሕጉን ጨካኝ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ለጠፋው ሰው የሚቆም አንድ ጠበቃ ቢኖር ይኸው ሕግ ነው። በሕይወት ያሉት ስለደከማቸው ብቻ የጠፋው ሰው ከሕያዋን መዝገብ አይሰረዝም፤ ይህ ትልቅ አክብሮት ነው። ዕዳውን የምትከፍለው ግን ያለ ጥፋቷ የታሰረችው ሴት ናት። ረቢዎቹም ይህን አውቀው በሌላ በኩል አላልተውላታል፦ በብዙ ጉዳይ ሁለት ምስክር የሚጠይቀው ሕግ፣ እዚህ ላይ አንድ ምስክር ይበቃዋል። ምስክሯ ሴት ብትሆንም ቃሏ ይጸናል።

ለዳካር አንድም ምስክር አልነበረም። ቴሌግራፍ ከመጣ ወዲህ የተነሡ አንዳንድ ረቢዎች፣ በዚህ ዘመን ከባሕር የተረፈ ሰው ወሬው ሳይሰማ አይቀርም የሚል ሙግት ነበራቸው። የእስራኤል ጦር ዋና ረቢ የነበሩት ሽሎሞ ጎረን የዳካር ሚስቶች እንዲያገቡ ፈቀዱ። አስከሬን ሳይታይ መቃብርም ሳይኖር መፍረድ ድፍረት ይጠይቃል፤ አንዱ ባል ቢመለስ ኖሮ ፍርዱን የሚሸከመው ፈራጁ ነበር።

የሚዳሰሰው ማስረጃ በበኩሉ አሳሳተ። እ.ኤ.አ. በ1969 ጋዛ ዳርቻ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ የመርከቧን የአደጋ ጊዜ ተንሳፋፊ ምልክት አገኘ። ባለሙያዎች እሱን መርምረው ዳካር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ናት አሉ፤ ለብዙ ዓመታትም በሲና አቅጣጫ ተፈለገች። እ.ኤ.አ. በሜይ 1999 የተገኘችው ግን በቀርጤስና በቆጵሮስ መካከል፣ 3,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። በምን ምክንያት እንደሰጠመች ዛሬም አልታወቀም። ቁርጡ የታወቀው ከ31 ዓመት በኋላ ነው፤ ሚስቶቹ ያንን ቁርጥ ይጠብቁ ቢባል ኖሮ ወጣትነታቸው እዚያው ያልቅ ነበር።

የተረፈ ሰው ወሬው ሳይሰማ አይቀርም የሚለው ሙግት ግን ሬዲዮ ላለው መርከብ ነው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን በሌሊት የምትሻገር ጀልባ የተሳፋሪ ዝርዝር የላትም። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በየመን አቢያን አጠገብ ተገልብጣ ብዙዎች አለቁ፤ የደረሱበት ያልታወቀም ብዙ ናቸው። ልጇ በዚያ መንገድ የሄደባት የወሎ እናት ተስፋ ብታደርግ አይፈረድባትም፤ በደላሎች እጅ ወይም በእስር ቤት ቆይቶ ከረጅም ዝምታ በኋላ የሚደውል አለና። የአቂባ ባሕር ለእሷ ዛሬም ያው ነው። ለልጇ ስለት ትሳል ወይስ ፍትሐት ታስደርግ? ሙስሊም ከሆነች ደግሞ የሩቅ ሟች ሶላት ይሰገድለት?

ይህን ለእሷ ብቻ መተው ተገቢ አይደለም። መርዶ ነጋሪ ከመላኩ በፊት የሚያጣራ ያስፈልጋል፤ ከጀልባዋ የተረፉት ጥቂቶች ደግሞ በአጠገባቸው ማን እንደነበረ፣ ማን እጃቸውን እንደለቀቀ ያውቃሉ። ቀሳውስቱና ሼኾቹ፣ ዕድሩና ቀበሌው እነዚህን ተራፊዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ቢያነጋግሯቸው፣ ቃላቸውን በስምና በመንደር ቢጽፉት፣ ለብዙ ቤት የመጀመሪያው ማስረጃ ይሆናል። በአንድ ምስክር ቃል መፍረድ ይቻላል፤ ምስክሩ ሳይጠየቅ ሌላ ጀልባ ከተሳፈረ ግን ያውቅ የነበረው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።