የተዘለለው ገጽ

የብረት ቀጥቃጮች መዶሻ በሚያስተጋባበት በካትዌ፣ እንግሊዝኛ ለማታነብ ነፍሰ ጡር ባሏ የእርግዝና መመሪያ መጽሐፍ በአማርኛ እየተረጎመ ያነብላታል እንበል። ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ብርቱ ራስ ምታትና ስለ ዓይን ብዥታ ከሚያወሳው ገጽ ሲደርስ፣ ድንጋጤ ለፅንሱ ክፉ ነው ብሎ ቢዘለው ደግ ሥራ ነውን? አይመስለኝም። ምልክቱ የሚታየው በእርሷ አካል ላይ ነው፤ ምናልባትም እርሱ በሌለበት ሰዓት። ለመሆኑ ከፍርሃቱ የሸሸው ማን ነው?

መጽሐፉ ሲመረጥም የታተመበት ዘመን ይታይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. አራት የነበረውን የቅድመ ወሊድ ክትትል በ2016 ወደ ስምንት አሳድጎታል። በሩቅ አገር የተጻፈው ደግሞ፣ የካምፓላ ነፍሰ ጡሮች በውኃ በጥብጠው ስለሚጠጡት ኤሙምብዋ ስለሚባለው ቅጠል የገባበት ሸክላ ምን ይነግራታል? ይህን አዋላጇን ትጠይቅ፤ ባልየውም ጥያቄዋን ሳይቀንስ ይተርጉምላት።