ወላጅ ለልጁ ዕውቀት ምስክር ሊሆን ይችላልን?

ሰው የገዛ እህሉን በገዛ ቍናው ሲሰፍር እጁ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ አይቀርም፤ ስስታሙ አጕድሎ ይሰፍራል፤ ይሉኝታ የያዘው አትረፍርፎ ያፈሳል፤ ልክ አድርጎ የሚሰፍር ግን ጥቂት ነው። በእህል እንዲህ የሆነ ሰው የገዛ ልጁን ዕውቀት ሊሰፍር በተነሣ ጊዜ እጁ ይልቁን እንደሚንቀጠቀጥ የታወቀ ነው።

ይህም ነገር ለምሳሌ ብቻ የሚነገር አይደለም። ልጆቻቸውን ወደ ተማሪ ቤት ሳይሰዱ በቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች በዛሬው ዘመን በብዙ አገር ይገኛሉ። በአሜሪካ እስከ 1993 ዓመት ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የቤት ትምህርት በ50ዎቹ ግዛቶች ሁሉ በሕግ የተፈቀደ ሆኗል፤ በዚያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም ይህን መንገድ የመረጡ አሉ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ተማሪ ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ ደግሞ ይህን ያልመረጡት እንኳ፥ በኢትዮጵያም በሌላውም ዓለም፥ ለጥቂት ወራት የልጆቻቸው አስተማሪዎች ለመሆን ተገደው ነበር።

በተማሪ ቤት አስተማሪው ነጥብ ይሰጣል፤ ዳይሬክተሩ ማኅተሙን ያኖርበታል፤ ወላጅም ተቀብሎ ይመለከታል። በቤት ትምህርት ግን ያስተማረውም፥ የፈተነውም፥ ነጥቡን በመዝገብ የጻፈውም፥ መዝገቡን አንብቦ ደስ የሚለውም አንድ ሰው ነው። እንግዲህ የዚህ ሰው ጽሕፈት በሌላው ዘንድ ሊታመን ይገባዋልን? ልጁንስ ይጠቅመዋልን? ይህ የጽሕፈት ቤት ጥያቄ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የኅሊና ጥያቄ ነው።

ወላጅን ከእውነት የሚያወጡት ፈተናዎች ሁለት ናቸው። ፊተኛው ርኅራኄ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ታሪኩ የተጻፈው ካህኑ ኤሊ በሕዝቡ ላይ ፈራጅ ነበረ። ሐና በጸሎት ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አይቶ የሰከረች መስሎት ፈጥኖ ገሠጻት፤ የገዛ ልጆቹ በመቅደሱ ያደረጉትን ክፋት ግን እየሰማ በለዘበ ቃል አለፈው። ባዕድን የሚያይበት ዓይንና ልጁን የሚያይበት ዓይን አንድ አልነበረም። እንደዚሁም አንዲት እናት ልጇ ከ10 ሒሳብ 4ቱን ቢስት፥ «ዛሬ ደክሞት ነው፤ በልቡስ ያውቀዋል» ብላ ሙሉ ነጥብ ብትጽፍለት ቸርነት ያደረገች ይመስላታል። ልጁ ግን 4ቱን እንደ ሳተ ያውቃል። ስለዚህ በዚያ ቀን የተማረው ሒሳብ አይደለም፤ በወረቀት የሚጻፍ ነገር የግድ እውነት መሆን እንደማያስፈልገው ተማረ፤ ይህንንም የተማረው ከሰው ሁሉ አብልጦ ከሚያምናት ከእናቱ ነው። ያ ወረቀት ኋላ ወደ ኮሌጅ የተላከ እንደ ሆነ ደግሞ በእውነት የደከመውን የሌላ ሰው ልጅ ስፍራ ይወስድበታል፤ ያን ጊዜ በርኅራኄ የተጀመረው ነገር በቅሚያ ይፈጸማል።

ሁለተኛው ፈተና ምኞት ነው። በ1806 የተወለደው የእንግሊዝ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ተማሪ ቤት ሳይገባ አባቱ ጄምስ ሚል በቤቱ አስተማረው። የግሪክን ቋንቋ በ3 ዓመቱ፥ ላቲንን በ8 ዓመቱ ጀመረ፤ ያነበበውንም በቍራጭ ወረቀት እያስታወሰ፥ ማለዳ ከአባቱ ጋራ በእግር ሲሄዱ ይተርክለት ነበር። አባቱም ልጁ እንዳይታበይ ብሎ ከሌሎች ልጆች ጋራ ራሱን እንዳያመዛዝን ተጠነቀቀ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ሚል በ1873 ከሞተ በኋላ በታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጸው፥ ያን ሁሉ ዕውቀት ይዞ ሳለ ራሱን በትምህርት ወደ ኋላ የቀረ አድርጎ ይቈጥር ነበር፤ አባቱ ከሚጠብቅበት ጋራ ሲመዛዘን ምን ጊዜም ጎድሎ ይገኝ ነበርና። በቤት ውስጥ የታወቀ መስፈሪያ ከሌለ የአባት ምኞት መስፈሪያ ይሆናል፤ ምኞትም ከልጁ ጋራ አብሮ ስለሚያድግ ልጁ ከቶ አይደርስበትም።

ርኅራኄ ያተርፋል፤ ምኞት ያጎድላል፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ወላጅን በዳኛ ወንበር ያስቀምጡታል። ዳኛ የሥጋ ዘመዱ ነገር በቀረበ ጊዜ ከወንበሩ መነሣት ይገባዋል። ወላጅ ሌላ አስተማሪ ስለሌለ ከስፍራው ሊነሣ ባይችል ሥራውን ይለውጥ፤ ዳኛ መሆኑን ትቶ ምስክር ይሁን። ዳኛ «ይህ ልጅ ብልህ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ምስክር ግን «በዚህ ቀን ይህን ገጽ ያለ ረዳት አነበበ፤ 3 ቃል ሳተ» ይላል። የፊተኛውን ቃል የወደደ ያምነዋል፤ ያልወደደ ይጠራጠረዋል፤ የኋለኛውን ግን ልጁን ጠርቶ በማስነበብ ማረጋገጥ ይቻላል።

በዚህ ነገር የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። በቴክሳስ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 የቤት ትምህርትን እንደ ግል ተማሪ ቤት አድርጎ ስለ ተቀበለው ወላጅ የነጥብ መዝገብ ለመንግሥት እንዲያሳይ አይገደድም፤ ነገሩ ለኅሊናው ተትቷል። በኒው ዮርክ ወላጅ በዓመት 4 ጊዜ መግለጫ ይሰጣል፤ በዚያም ለየትምህርቱ ነጥብ እንዲጽፍ፥ ወይም በነጥብ ፈንታ የልጁን እድገት በጽሑፍ እንዲተርክ ተፈቅዶለታል። በፔንሲልቬኒያ በ1988 የወጣው ሕግ ደግሞ ልጁ የሚማርባቸው መጻሕፍት ስም ትምህርቱ በሚሰጥበት ጊዜ እንዲመዘገብና የልጁ ሥራ ናሙና እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ በ3ኛ፥ በ5ኛና በ8ኛ ክፍል የሚደረገውን ፈተናም ወላጁ ራሱ እንዳይፈትን ይከለክላል፤ በየዓመቱም ሕጉ የፈቀደለት መምህር ልጁን አነጋግሮ፥ ሥራውንም ተመልክቶ፥ ቃሉን በጽሕፈት ይሰጣል። ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ኦሪት ያዘዘችው ይህንኑ ጥበብ ነው።

ይህም ጥበብ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የቤተ ክህነት ሥርዐት የቈሎ ተማሪ ነጥብ የተጻፈበት ወረቀት አይቀበልም ነበር፤ ፊደል የለየ ሕፃን ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም እያለፈ ወደ ዳዊት የሚሻገረው የኔታ በጆሮው ሰምቶ ሲፈቅድለት ነው። ድጓ የተማረም ሰው፥ በሌላ ደብር ቢማረውም፥ ሊያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል። ቃሉን ማስተዋል ይገባል፤ «አስመሰከረ» ይባላል። ያስተማረው መምህር የደቀ መዝሙሩን ዕውቀት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ነገር ግን ያላስተማረው ጆሮ ቢሰማው ምስክሩ ይጸናል።

ስለዚህ በቤቱ የሚያስተምር ወላጅ መዝገቡን በእውነት ሊጠብቅ ቢወድ ጥቂት ነገር ይበቃዋል። ነገሩ በተደረገበት ቀን ይጻፍ፤ ከወር በኋላ ከትዝታ የሚጻፍ መዝገብ የምኞት መዝገብ ነውና። ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው ምን እንደ ሆነ ትምህርቱ ሳይጀመር ይወስን፤ ለልጁም ይንገረው። ከመልካሙ ሥራ ጋራ ስሕተት የሞላበትን ደብተር ያኑር። ልጁ የሳተውን በሌላ ሳምንት ቢያቀና የቀድሞውን አይፋቀው፤ ከበታቹ አዲሱን ቀን ጽፎ ይጨምርበት። ለልጅ የሚደረግ ምሕረት ጊዜን በመጨመር ነው እንጂ መዝገብን በመፋቅ አይደለም። የቤት ትምህርት ትልቁ ጸጋም ይኸው ነው፤ ብዙ ልጆች የያዘ አስተማሪ አንዱን ልጅ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም፤ እናት ግን ትችላለች። ጠብቃው ማካፈልን ከ3 ወር በኋላ አጥርቶ ቢያውቅ ሙሉ ነጥብ መጻፏ ሐሰት አይደለም፤ 3 ወር መፍጀቱን መደበቋ ግን ሐሰት ነው።

«ኮሌጅ ቍጥር ይጠይቃል እንጂ ይህን ሁሉ ዝርዝር አያነብም» የሚል ይኖራል። ቍጥር ቢጠየቅ ይሰጥ፤ ዳሩ ግን ቍጥሩ ከመዝገቡ ይውጣ እንጂ መዝገቡ ለቍጥሩ ተብሎ አይሠራ። በምን መስፈሪያ እንደ ተገኘም ከበታቹ ይጻፍ፤ ልጁን ያላስተማረ ሰው ፈትኖት እንደ ሆነ ያም ይታከልበት።

ደግሞ በመዝገብ ሊገባ የማይገባው ነገር አለ። ልጁ ታናሽ እኅቱን መታገሡ፥ ሳይጠየቅ ጥፋቱን መናገሩ፥ ጸሎቱም ነጥብ አይሰጣቸውም። ለእነዚህ ነጥብ የሚሰጥ ወላጅ ልጁን ለታይታ ደግ መሆንን ያስተምረዋል፤ ይህም ግብዝነት ነው። ልብን የሚመዝን ሌላ ነው።

ልጅ አድጎ አንድ ቀን ያን መዝገብ ይገልጠዋል። ያልሠራውን ተጽፎለት ቢያገኝ ያፍራል፤ ጕድለቱን ብቻ ተጽፎ ቢያገኝ ያዝናል። የሳተባቸውን ቀኖችና ወላጁ የታገሠባቸውን ቀኖች በአንድ ገጽ ላይ ሳይሸፋፈኑ ቢያገኛቸው ግን፥ ፍቅርና እውነት በአባቱ ቤት አብረው ይኖሩ እንደ ነበር ያውቃል፤ ኋላም የገዛ ልጆቹን የሚሰፍርበት ቍና ከዚያ ይወርሳል።