ተመልሶ የሚጠይቅ ፍቅር



ደጉ ሳምራዊ ቁስል አስሮ ብቻ አላለፈም፤ ቁስለኛውን ወደ ማደሪያ አድርሶ ወጪውን ከፈለ፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ቃል ገባ።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤተሰብ ከቀዬው የሚፈናቀለው በአንድ ቀን አይደለም፤ ዝናብ ሲቀር በሬው ይሸጣል፤ በሬ ያጣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ግማሹ ምርት አልበቃ ሲል ጎጆው ይዘጋል።

ቁራሽ መመጽወት ቅዱስ ነው፤ ብቻውን ግን ቤት አይመልስም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የተቸገረው ጥሪቱን እንዳይሸጥ፣ የሚችለው እርከን እየሠራ፣ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ እንዲረዳ ታስቦ የተዘረጋ ነው።

የእኛም ፍቅር ከዚህ ሊያንስ አይገባም። ቤቱን ጥሎ የተሰደደው ሲመለስ በማኅበር ተባብረን በደቦ ጎጆ እንቀልስለት፣ ዘር እናበድረው፣ ጥማድ እናውሰው፤ በመከርም ወራት ተመልሰን እንጠይቀው። ያን ጊዜ ተቀባዩ በተራው ሰጪ ይሆናል። አሜን።