የተጻፈበት ብር

ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት ላይ ዛሪማ ትገኛለች። ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ወደ ሽሬ የሚወርድ መንገደኛ የአየሩን ለውጥ በገላው የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው። የመኪና መንገድ ሳይቀየስ በፊት ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ በዓድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚያቀናው ሲራራ ነጋዴም ዛሪማን ተሻግሮ ነበር ያንን ዳገት የሚጋፈጠው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው። በዚህ መንገድ ቁልቁል የሚወርደው የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰም ሲሆን፣ ሽቅብ ከሚወጣው አንዱ ብር ነበር፤ ይኸውም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ የታተመበት ጠገራ ብር ነው።

ጠገራው ሃያ ስምንት ግራም ያህል ይመዝናል። ከሺህ እጅ ስምንት መቶ ሠላሳ ሦስቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላ እንኳ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖረ። ሀበሻው በዚህ ገንዘብ ገበያ ወጣበት፤ ግብር ከፈለበት፤ ጥሎሽ ጣለበት። አንጥረኛው ደግሞ ወናፉን እያናፋ አቀለጠውና መስቀል፣ አምባር፣ የጋሻ ጌጥ፣ የዋንጫ ከንፈር አደረገው። ማቅለጫው ውስጥ የንግሥቲቱ ፊት ይጠፋል። ሚዛኑ ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ፊቱ ጠፍቶ ክብደቱ የቀረውን ብር አንዱን ጌጥ፣ አንዱን ሽልማት፣ አንዱን ምርኮ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

የአማርኛ ቋንቋ ነገሩን አስቀድሞ ያወሳሰበው ይመስላል። «ብር» ማዕድኑም ነው፤ ገንዘቡም ነው። «ዋንጫ»ም እንዲሁ ሁለት ኑሮ አለው። ጥንት ከቀንድ የሚበጅ፣ በግብር ቤት ጠጅ የሚቀዳበት መጠጫ ነበር፤ ዛሬ ልጆች ሲሰሙት የሚታያቸው የኳስ ሽልማት ነው። ኢትዮጵያ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፑብሊክ አራት ለሁለት አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ያ የብር ዋንጫ ግን አገሪቱ ውስጥ አልቀረም። ደንቡ ሦስት ጊዜ ላሸነፈ ለዘለቄታው ይሰጥ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1978 የጋና ሆኖ ቀረ። በዚህ ማንም አላለቀሰም። ዋንጫው የሚዞርበት ሕግ ከጨዋታው በፊት የታወቀ ነበርና።

አውሮፓውያን ለሽልማት ዕቃ የሚሰጡት ስም ግን የመጣው ከጨዋታ ሜዳ አይደለም። «ትሮፊ» የሚለው ቃል ሥሩ ግሪክ ሲሆን፣ ጠላት ፊቱን አዙሮ በሸሸበት ቦታ ላይ ከተማረከ ጦር መሣሪያ ይቆም የነበረ ምልክት ማለት ነው። በአማርኛ ከግዳይ ጋር የሚዛመድ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝ አገር የብር ሰብሳቢ ቤት ውስጥ የፈረስ እሽቅድምድም ጽዋ፣ ለጡረተኛ ዳኛ የተበረከተ ሣሕንና ከጦር ሜዳ የመጣ ዕቃ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚደንቅ አይደለም።

የእንግሊዝ ብር አራት ትንንሽ ማኅተሞች ይታተሙበታል፤ የአንበሳው ምልክት ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይናገራል፤ የተቀሩት ከተማውን፣ ዓመቱንና ሠሪውን። ሥርዓቱ ብዙ መቶ ዓመት የጸና ነው፤ ሊደነቅም ይገባዋል። ሆኖም የብሩን ንጽሕና የሚመሰክር ማኅተም ሲኖር፣ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ስለተላለፈበት መንገድ ንጽሕና የሚመሰክር ማኅተም የለም። ይህን የሚናገረው፣ ከተናገረ፣ በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ ብቻ ነው፦ ማን፣ ለማን፣ ስለምን ሰጠ። ጽሑፉን ፍቀው የሚሸጡም አሉ። ልምድ ያለው ሰብሳቢ ታዲያ ዕቃውን ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ ይልበታል፤ በትንፋሹ እርጥበት ውስጥ የተፋቀው ፊደል ለቅጽበት ብቅ ይላልና።

የተቀረጸ ጽሑፍ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ ከዚሁ ከሰሜን ጎንደር ይነሣል። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከጎንደር አጠገብ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመድ በሆነው በዐመፀኛው በጋረድ ሰዎች ተወግቶ ጥቂት ቆይቶ ሞተ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1860 የንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ጆን ቤልም ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ወደቀ። ጋረድም ሞተ፤ የተማረኩት ተከታዮቹ ደግሞ ደባርቅ ላይ፣ ማለትም ከዛሪማ በላይ ባለው ደጋ፣ በበቀል አለቁ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዚህ ወዳጅነት ምስጋና ጥንድ ሽጉጥ ላኩ፤ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አዲሱ ቆንስል ካሜሮን አስረከበ። በሽጉጡ ላይ በተለበጠው ብር፣ ቴዎድሮስ ለንግሥቲቱ አገልጋይ ለፕላውደን ስላሳዩት ደግነት የተበረከተ መሆኑ ተጽፎበታል። የደባርቅ ደም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የስጦታ ጽሑፍ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ለምስጋና የሚሆነውን መርጦ ይይዛል።

ቀጥሎ የሆነው የታወቀ ነው። የንጉሡ ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ንጉሡም መልእክተኞችን አሰሩ፤ የናፒየር ጦር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሞታቸውም ከንግሥቲቱ በተሰጣቸው ሽጉጥ ነበር ይባላል። ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊ እንደዘገበው ወታደሮች የወደቀውን ሰው ማንነት የጠረጠሩት በሽጉጡ ብር ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ነው። ለምስጋና የተቀረጸው ቃል ለሬሳ ማወቂያ ዋለ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያ ብር አልከበደም፤ አልቀለለምም። በጠዋቱ ስጦታ የነበረው በማታው ምርኮ ሆነ፤ ይኸው ነው።

የተዘረፈው ዕቃ በዐሥራ አምስት ዝሆኖችና ወደ ሁለት መቶ በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ ሁለት ቀን ሐራጅ ተባለበት፤ አምስት ሺህ ፓውንድ ያህል አስገኘ። የብሪታንያ ሙዚየም የላከው ሪቻርድ ሆምስ አንድ አክሊልና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በአራት ፓውንድ ገዛ። የመቅደላ ስም ከዚያ ወዲህ ዋጋ የሚጨምር ስም ሆኗል። የጨረታ መጽሐፍ ውስጥ «ከመቅደላ የመጣ» የሚል መስመር ሲገባ ገዢው እጁን ፈጥኖ ያነሣል። በደሉ ራሱ የዕቃው ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

የመመለሱ ነገር ሲመጣ ደግሞ ቃላቱ ይበልጥ ይጠላለፋሉ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ከጎበኙ በኋላ እንግሊዝ ከያዘቻቸው ሁለት አክሊሎች አንዱን ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ላከች። የተላከው ወርቅ የተቀባው የብር አክሊል ነው፤ የወርቁ እዚያው ቀረ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አበረከቱ። «አበረከቱ» የሚለው ቃል ሊመረመር ይገባዋል። ሰው የሌላውን ገንዘብ ለባለቤቱ ሲያስረክብ እጅ ነሥቶ የሚቀበለው ማን ነው? በ2010 ዓ.ም. የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ዕቃዎች ለሕዝብ ባሳየበት ጊዜ ደግሞ የቀረበው ሐሳብ የረጅም ጊዜ ብድር ነበር። በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀርበው የነበሩ ዕቃዎች በኢትዮጵያ መንግሥት ጥያቄ ከሽያጭ ከወጡ በኋላ፣ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ገዝቷቸው ከሌሎች ጋር በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በስብስቡ ውስጥ በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ዋንጫ፣ ጠጅ የሚጠጣበት ማለት ነው፣ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ «ትሮፊ» ሆኖ ከርሞ ቤቱ ገባ።

ስጦታ፣ ብድር፣ ግዢ። ሦስቱም ቃላት ዕቃው የያዡ እንደ ነበረ ቀድመው ያምናሉ። ለገንዘቡ ባለቤት የሚስማማው «መመለስ» ብቻ ነው። ነገር ግን የግዢውን መንገድ ፈጽሞ መኮነን ቀላል አይሆንም። ዋንጫው በሰው ሳሎን ውስጥ ሲያረጅ ከማየት ገንዘብ ከፍሎ ማስመጣት ሳይሻል አልቀረም የሚል ሰው ምክንያት አለው፤ የተከፈለው ገንዘብ ለቀጣዩ ሻጭ ዋጋ ያስተምራል የሚለውም እንዲሁ። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ መምረጥ ግድ ይላል፤ ምርጫውም ሳያቆስል አይቀርም።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ግን ወደ ሀገር ውስጥ ይዞራል። ሆምስ በአራት ፓውንድ የገዛው ጽዋ ጽሑፍ አለው። ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ ማለትም እቴጌ ምንትዋብ፣ ለጎንደር ቁስቋም ማርያም የሰጡት መሆኑን ይናገራል። ሠሪው ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። አንጥረኛ «ቡዳ» እየተባለ በሚሸሽበት አገር የሠሪ ስም ከነገሥታት ጋር ተያይዞ መድረሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ከቁስቋም መቅደላ ድረስ ግን ጽዋውን የእንግሊዝ ዝሆን አልወሰደውም። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንዋየ ቅድሳት ጠራርገው ወስደዋል፤ የመቅደላ ግምጃ ቤት አብዛኛው ሀብት የመጣው እንዲህ ነው። ይህን ማስታወስ ለዘራፊው ጦር ጥብቅና መቆም የሚመስላቸው አሉ። ሁለተኛው ዘረፋ የመጀመሪያውን አያጥበውም፤ የመጀመሪያውም ሁለተኛውን ሕጋዊ አያደርገውም። ለአንድነት የታገሉት ንጉሠ ነገሥት ውለታ በሰፊው ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። የጎንደር ካህን ዕንባ ግን ከዚያ ሂሳብ ውስጥ ሳይገባ ቆይቷል።

ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል። አዋጁ ድንበሩን ይጠብቅ እንጂ ከጎንደር እልፍኝ እስከ ጌጣጌጥ ሱቅ ያለውን አጭር መንገድ የሚጠብቀው የዕቃው ባለቤት ሕሊና ነው። የአያቱን የብር መስቀል ለመንገደኛ የሚሸጥ ሰው ችግር ይኖርበት ይሆናል፤ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን መስቀሉን ማን እንደ ሠራው፣ ለማን እንደ ተሰጠ ለልጁ ሳይነግር ከሸጠው፣ ገዢው እፍ ቢልበት እንኳ የሚወጣ ፊደል አይኖርም።

ጽዋው አንድ ቀን ቢመለስ አዲስ አበባ ላይ በክብር የሚቀበሉት ብዙዎች ናቸው፤ የመስታወት ሣጥንም አይጠፋለትም። በላዩ የተቀረጸው አድራሻ ግን ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከፈረሰው የምንትዋብ ግቢ አጠገብ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው።