የጨዋታ ቦታ በደል ትንሽ በደል ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ በደልን በምን ሚዛን እንመዝነዋለን? ብዙ ሰዎች በጠፋው ነገር ዋጋ ይመዝኑታል። ርስቱን የተነጠቀ ሰው ሲጮኽ እውነት አለው ይላሉ፤ ጨዋታ የተከለከለ ሕፃን ሲያለቅስ ግን ‹‹ቀላል ነገር ነው፤ ነገ ይረሳዋል›› ብለው ያልፋሉ። ይህ ሚዛን የቀና መሆኑን ለመመርመር አንድ እውነተኛ ታሪክ እናቅርብ፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን።

በአውሮፓና በአሜሪካ መናፈሻዎች ውስጥ ካሩሰል የሚባል መጫወቻ አለ። በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፤ በምሰሶው ዙሪያ ክብ መድረክ ይዘረጋል፤ በመድረኩም ላይ በቀለም ያጌጡ ግዑዛን ፈረሶች ተሰልፈው፣ ሙዚቃ እየተሰማ፣ በሞተር ኃይል ይዞራሉ። ስሙ የመጣው ፈረሰኞች ያደርጉት ከነበረ የጦር ጨዋታ ነው፤ ይኸውም በእኛ ሀገር ጉግስ የምንለውን ይመስላል። የፈረንሳይ ንጉሥ 14ኛው ሉዊ በ1662 በፓሪስ እንዲህ ያለ ታላቅ ትርኢት ስላደረገ፣ ቦታው እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ኋላም የመኳንንቱ ጨዋታ ወደ ሕዝብ ወረደ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የእንፋሎት ሞተር በተጨመረለት ጊዜ፣ አባቱ ፈረስ የሌለው ልጅ እንኳ በጥቂት ሳንቲም ፈረሰኛ ለመሆን በቃ።

ነገር ግን ይህ ደስታ ለሁሉ አልሆነም። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በባልቲሞር ከተማ አጠገብ ግዊን ኦክ የሚባል መናፈሻ ነበረ። በ1947 የተሠራ ካሩሰል በዚያ ይዞር ነበር፤ ጥቁሮች ግን ስለ መልካቸው ብቻ ከደጁ ይመለሱ ነበር። መናፈሻው ‹‹የአሕዛብ ሁሉ ቀን›› የሚባል በዓል እያከበረ እነርሱን ስለከለከለ፣ ከ1955 ጀምሮ የፍትሕ ወዳጆች በደጁ እየቆሙ ይቃወሙ ጀመር። በ1963 ጁላይ 4 ቀን፣ አሜሪካኖች የነፃነታቸውን በዓል በሚያከብሩበት ዕለት፣ ጥቁሮችና ነጮች፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ካህናት፣ የአይሁድም መምህራን በአንድነት ወደ መናፈሻው ሄዱ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ታሰሩ፤ ከእነርሱም አንዱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መሪ ዩጂን ካርሰን ብሌክ ነበሩ።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ሊጠይቀን ይችላል፦ ‹‹ትምህርት ቤቱና ፍርድ ቤቱ፣ እንጀራውም ሳይቀና፣ ካህናት ስለ መጫወቻ ፈረስ ሊታሰሩ ይገባልን?›› ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እናስተውል። እንጀራ ወይም ሥራ የሚከለክል ሰው ‹‹ለሁሉ አይበቃም›› የሚል ምክንያት ያገኛል። ካሩሰል ግን ቢሞላም ባይሞላም ይዞራል፤ ጥቁሩ ሕፃን በአንዱ ፈረስ ላይ ቢቀመጥ፣ በሌላው ላይ ያለው ነጭ ሕፃን የሚጎድልበት የለም። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ንቀት ያለ መሸፈኛ ራቁቱን ይታያል። ‹‹ደንበኞቼ ይሸሹብኛል›› የሚል ነጋዴም ቢኖር፣ የራሱን በደል በጎረቤቱ በደል ሲያመካኝ ነው እንጂ ከዕዳው አይነጻም።

ዳግመኛም ሕፃን ሕግንና ሸንጎን አያውቅም፤ ዓለም እንዴት እንደምታየው የሚማረው ከመጫወቻው ደጅ ነው። አባቱ እጁን ይዞ ከዚያ ደጅ ሲመልሰው ምን ይለዋል? ምክንያቱን ቢነግረው ልቡን ይሰብራል፤ ቢደብቀው ይዋሸዋል። ‹‹ነገ ይረሳዋል›› ለሚሉትም አባቶቻችን አስቀድመው መልሰውላቸዋል፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በዚያው ዓመት ኦገስት 28 ቀን፣ በዋሽንግተን ወደ 250,000 የሚሆን ሕዝብ ለሰልፍ በወጣበትና ማርቲን ሉተር ኪንግ በተናገሩበት ዕለት፣ የግዊን ኦክ ደጅ ለሁሉ ተከፈተ። ሻሮን ላንግሌይ የምትባል የ11 ወር ሕፃን አባቷ ደግፏት በካሩሰሉ ፈረስ ላይ ተቀመጠች፤ ስንት ሰው ስለዚያ ደጅ እንደ ታሰረ አላወቀችም። መናፈሻው በ1972 ከደረሰበት የጎርፍ ጥፋት በኋላ ተዘጋ፤ ካሩሰሉ ግን በ1981 ወደ ዋሽንግተን ተወስዶ፣ ናሽናል ሞል በሚባለው የከተማይቱ ሰፊ መስክ ላይ ተተከለ።

ካሩሰል ሰውን ከተነሣበት ቦታ መልሶ ያወርደዋል እንጂ የትም አያደርሰውም። ታዲያ እነዚያ እስረኞች ምን አተረፉ? ርስት አይደለም፤ ሹመትም አይደለም፤ አንዲት ሕፃን እንደ ሕፃን ሁሉ ትጫወት ዘንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ በደልን በተከለከለው ነገር ዋጋ ሳይሆን በተከለከለው ሰው ክብር እንመዝን። እኛም በየደጃችን ‹‹ነገሩ ትንሽ ነው›› ብለን የመለስነው ሰው እንዳለ ዞር ብለን እንይ፤ ነገሩ ትንሽ ቢሆን ኖሮ፣ መፍቀዱ እንዲህ ባልከበደን ነበርና።