የታንኳ ክብደት

ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ስለ ፖሊስ ያስባል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔ ግን ሰሞኑን ሳስብ ሰነበትኩ። ያሳሰበኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኋላ ወንበር የማይጠፋው ልጅ ዛሬ ወንጀል መርማሪ ሆኗል።

«መምህር፣ ደላሎቹ ድንበር አያግዳቸውም፤ እኛን ያግደናል» አለኝ። «አንዱ አገር የሚያውቀውን ለሌላው ካልነገረ መቼም አንይዛቸውም።»

እውነቱን ነው። ከባሕር ዳር በጎንደር አድርገው መተማን የተሻገሩ፣ ከሱዳንም ሊቢያ የገቡ ልጆችን ታሪክ ያልሰማ ማን አለ? «ብር ካልላካችሁ» ተብሎ ሲደወል በሬውን የሸጠ አባት ስንት ነው? ሊቢያ ውስጥ ስደተኞችን ያሰቃይ የነበረው ኪዳነ ዘካርያስ አዲስ አበባ ተይዞ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበትም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ የተያዘው የኤምሬትስ ፖሊስ፣ ኢንተርፖልና ሌሎች አገሮች የየራሳቸውን መረጃ ስላዋጡ ነው። ተደባብቀው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ባልተያዘ።

«ታዲያ ምኑ ያሳስብዎታል?» አለኝ።

የሚያሳስበኝ የዚያው መንገድ ሌላ ታሪክ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ካርቱም ላይ አንድ ኤርትራዊ ወጣት ተያዘ። የእንግሊዝ፣ የጣሊያንና የሱዳን ባለሥልጣናት ተባብረው፣ «ጄኔራሉ» የሚባለውን የሰው አሻጋሪ ያዝን ብለው ጣሊያን ወሰዱት። ፎቶው ሲወጣ ጄኔራሉን የሚያውቁ ስደተኞች «ኧረ ይሄ እሱ አይደለም!» ብለው ጮኹ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው «መድኃኔ» የሚለው ስም ነበር። በገበያ ቀን «መድኃኔ!» ብለው ቢጣሩ ስንቱ «አቤት» ይላል? የፓሌርሞ ፍርድ ቤት የሚፈለገው ሰው እሱ አለመሆኑን የወሰነው በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነው። በቀለለ ክስ ጥፋተኛ ቢለውም እንዲለቀቅ አዘዘ። ልጁ ግን ከ3 ዓመት በላይ ታስሯል።

ጥፋቱ የማን ነው? የላከው «እኔ ጠቆምኩ እንጂ አላሰርኩም» ይላል። ያሰረው «ተነግሮኝ ነው» ይላል። የከሰሰው «ተይዞ መጣልኝ» ይላል።

የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ጭነቱ ግን ያው ነው። መረጃም እንዲሁ ነው። ሦስት መሥሪያ ቤት የዞረ ጥቆማ ሦስት ምስክር ይመስላል፤ ቢመረመር ግን ያው አንዱ ሦስት ጊዜ ተገልብጦ ነው።

የድሮው አውጫጭኝ ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ንጹሑ ሰው ከወንጀለኛው እኩል ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። ሆኖም ስሙ የተጠራው እዚያው ነው፤ ጎረቤቱም እዚያው ነው። «ይሄማ ያን ቀን ከእኔ ጋር ነበር» የሚል አይጠፋም። የዛሬው ወረቀት የሚሄደው ጎረቤት ወደሌለበት አገር ነው። ለዚህ ልጅ ጎረቤት የሆኑት እነዚያ ስደተኞች ነበሩ፤ የሰማቸው ግን ዘግይቶ ነው።

«መምህር፣ ሁሉን አጣርተን እስክንልክ ደላላው ይሻገራል» አለ ተማሪዬ።

ይሄም እውነት ነው፤ መልስ አጥቼ ትንሽ ዝም አልኩ። ኋላ ግን «እንግዲያው ስትልኩ ያላጣራችሁትንም ጻፉበት» አልኩት። «ማን እንደነገራችሁ፣ ምኑን እንዳላረጋገጣችሁ። ተቀባዩም እንደ አዲስ ይመርምር። ‹እሱ አይደለም› የሚል ሲመጣም ጆሮ ይሰጠው።»

«‹አላረጋገጥንም› ብሎ የሚፈርም አለቃ ካገኘሁ» ብሎ ሳቀና ሒሳቡን ከፈለ። ከፊታችን አንድ ባለታንኳ ታንኳውን ወደ ዳር ጎትቶ እንዲደርቅ ያቆመው ነበር።